ጉበት ቦታ እንዲለቅ፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊት ስላሉት የፈሳሽ ቀናት

ታላቅ እህቴ የቀዶ ጥገናዋ ቀን የተቆረጠ ሰሞን ቅበላ ያዘች። ልክ ዐቢይ ጾም ሊገባ እንደሆነ። ቅዳሜ ክትፎ፣ እሁድ ዶሮ ወጥ፣ ሰኞ ደግሞ ካዛንቺስ ከሥራ ስትወጣ ጥብስ። «ከዚህ በኋላ መቼ አገኘዋለሁ» ትላለች። እኔም አብሬያት እየዞርኩ በላሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሟ የሰጣት አንድ ገጽ ወረቀት አራት ኪሎ ባለው ቤታችን ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። 14 ቀን። ፈሳሽ ብቻ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ሰውን አስርቦ ማከም ምን የሚሉት ነው? አቅም ያጣ ገላ ቢላ ይችላል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳም ጥያቄ ነው። የዚያን ዕለት ግን በቅጡ የመለሰላት የለም። እህቴ ራሷ «ትንሽ እንድቀንስ ይሆናላ» ብላ አለፈችው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እነዚያን 14 ቀናት ግን ወጥ ቤት ሆኜ ሾርባ ሳጠልል፣ ስጠይቅና ሳነብ ከርሜያለሁ። አንድ ነገር አይቻለሁ። ምክንያቱ የገባው ሰው ረሃቡን የተሻለ ይችለዋል። ያልገባው ሰው ግን በሦስተኛው ቀን «አንድ ጉርሻ ምን ታመጣለች» ይላል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ሁሉም የጉበት ጉዳይ ነው

ጨጓራ ያለው ከግራ ጎድን አጥንት ሥር ነው። ከፊቱ የጉበት ግራ ክንፍ ተደርቦበታል። ዛሬ ይህ ቀዶ ጥገና ሲሠራ ሆድ በሰፊው አይከፈትም፤ በአብዛኛው ማለቴ ነው። ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ። በአንዱ ካሜራ ይገባል፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች። ላፓራስኮፒ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪሙ ጨጓራው ጋ ለመድረስ ጉበቱን ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ሥራው እስኪያልቅም በመሣሪያ ደግፎ ይይዘዋል።

የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደት የበዛበት ሰው ጉበት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስብ ይጠራቀማል። ያኔ ይተልቃል፣ ይከብዳል፣ ሲነኩት በቀላሉ ይደማል። እንዲህ ያለ ጉበት አልነሳ ሲል ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ አያየውም። ሥራው ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከአንጀት ጋር ትሰፋለች። ይህ ሁሉ መቁረጥና መስፋት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ከጠፋ ሐኪሙ ሆዱን በሰፊው ከፍቶ ይቀጥላል፤ አለዚያም ዘግቶ ለሌላ ጊዜ ያስተላልፋል።

ለእማዬ የሚሆነው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ገላው ቢላውን እንዲችል ነው የሚራበው።

ታዲያ ጉበት በሁለት ሳምንት እንዴት ይቀንሳል? ጉበትን እንደ ጓዳ አስቡት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ስኳር ስንበላ ሰውነት ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ከዕለቱ ፍጆታ ከሚተርፈው ላይ ጉበት ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል። 100 ግራም ያህል ይይዛል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ አዝሎ ነው የሚቀመጠው። ጓዳው ሲሞላ ትርፉ ስብ ይሆናል። ከፊሉም እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል።

ስኳርና ስታርች (እንጀራና ዳቦ ውስጥ በብዛት ያለው፣ ወደ ስኳር የሚለወጠው ነገር) መግባቱ ሲቀንስ ሰውነት ወደ ጓዳው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ግላይኮጅኑን ከነውሃው ያራግፈዋል። ከዚያ ወደ ስብ ይዞራል። ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ ቶሎ ከሚነሱት ነው። በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሰዎቹ ለ12 ሳምንታት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ወሰዱ። የጉበታቸው መጠን ከቀነሰው ውስጥ 80 በመቶው የቀነሰው ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነበር። ብዙ ሐኪሞች ሁለት ሳምንት የሚሉት ለዚህ ነው። አንድ ሳምንት የሚያዙም አሉ። ጉበቱ በጣም የተለቀ ከሆነ ወይም ክብደቱ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ እስከ አራት ሳምንት ሊሄድ ይችላል።

አሁን ያንን ቅበላ መለስ ብላችሁ እዩት። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳውን ስንሞላ ነው የሰነበትነው። አንድ የስንብት ራት የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። ሳምንት የፈጀ ስንብት ግን ወረቀቱ የሚሠራውን ሥራ ከወዲሁ ያከብደዋል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከእህቴ ጋር ክትፎ ቤት አልሄድም ነበር።

«ፈሳሽ» የሚለው ቃል ያሳስታል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚጠጣ ነገር ሁሉ የተፈቀደ ይመስለዋል። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ጭማቂ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዝዛል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ከላይ ስኳር። በማንኪያም ቢሆን ይጠጣል እኮ! ነገር ግን አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ጉበት ሲያራግፍ የዋለውን ስኳር መልሶ ያስገባል። ብርዝ፣ ማር የገባበት አብሽ፣ ለስላሳ፣ በስኳር የጠገበ ሻይ ሁሉም ያው ናቸው። በሶና አጥሚትም ፈሳሽ ሆነው ይቀርባሉ፤ መሠረታቸው ግን እህል ነው፣ ማለት ስታርች። በሌላ ጊዜ ጥሩ ምግብ ናቸው፣ ለታመመ ሰው የምንሮጠውም ወደ እነሱ ነው። ለእነዚህ 14 ቀናት ግን አይሆኑም።

ጉበትን የሚቀንሰው ካሎሪውና ስታርቹ ማነሱ ነው እንጂ ምግቡ መቅጠኑ አይደለም። ፈሳሽ የሚመረጠው ለመለካት ስለሚቀል ነው። አንድ ብርጭቆ አንድ ብርጭቆ ነው። እንጀራ ላይ «ትንሽ ብቻ» የሚባለው ግን ከእጅ እጅ ይለያያል።

በአብዛኛው የሚታዘዘው በቀን ከ800 እስከ 1,200 ካሎሪ ነው። ፕሮቲን ግን አይቀነስም፤ ከ60 እስከ 80 ግራም ይፈለጋል። ፕሮቲን ካነሰ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል፣ የእማዬ ፍርሃትም ያኔ እውነት ይሆናል። ውሃ ደግሞ ወደ 2 ሊትር። ልብ ወይም ኩላሊት ያመመው ሰው ግን የውሃውን ልክ ሐኪሙ ይወስንለት።

60 ግራም ፕሮቲን ሲጠጣ ስንት እንደሆነ ያየሁት ወተት ስለካ ነው። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 60 ለመድረስ ወደ 2 ሊትር ሊጠጣ ነው። 2 ሊትር ወተት ውስጥ ደግሞ 100 ግራም የሚጠጋ የወተት ስኳር አለ። ወተትና እርጎን መሠረት አድርገው የሚያዙ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱ መጠኑን አስልተው፣ ቅባቱ የወጣለትን መርጠው ነው። በራሳችን ግምት የምንሄድበት መንገድ ግን አይደለም። ለእህቴ የታዘዘላት ፕሮቲን ፓውደር ነበር።

ስለ ፓውደሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና አንዳንድ ፋርማሲዎች ይሸጡታል፤ ጂም የሚሠሩ ልጆችም ያውቁታል። ዋጋው ያማል። እኔ መጀመሪያ ገዝቼ የመጣሁት ማስ ጌነር የሚባለውን ነበር፤ ቆርቆሮው ትልቅ ስለሆነ ያዋጣል ብዬ። ጀርባውን ሳነብ ለካስ ክብደት ለመጨመር የተሠራ ነው፣ አብዛኛው ስኳርና ስታርች። ስለዚህ የፊቱን ሥዕል ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። በአንድ ማንኪያ መለኪያው 20 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን፣ ከ5 ግራም ያነሰ ስኳር ካለው ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ብሌንደር እንደማይሠራም አትርሱ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል፤ ውሃውን አስቀድሞ፣ ዱቄቱን አስከትሎ መበጥበጥ ነው።

ሾርባው የኔ ሥራ ነበር። የቅልጥም ወይም የዶሮ መረቅ እሠራለሁ፣ አጠልላለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። ጠዋት ስብ ከላይ ረግቶ ይገኛል፤ እሱን በማንኪያ አንስቶ መጣል ነው። የሚቀረው መረቅ ብዙ ፕሮቲን የለውም፤ ያ የፓውደሩ ሥራ ነው። ግን ይሞቃል፣ ጨው አለው፣ የምግብ ጣዕም አለው። አዲስ አበባ በጥቅምት ጠዋት ስትበርድ ያንን ትኩስ ነገር በእጅ መያዝ ራሱ አንድ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ኮረሪማ ጣል አደርግበታለሁ። የምስር ሾርባ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎና ቀጥኖ የሚፈቅዱም አሉ፤ ስታርች ስላለው ግን መጠኑን ጠይቁ። ስለ ቀጭን ሽሮ ለሚጠይቁም መልሱ ያው ነው፤ ዘይቱ ሳይገባ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ።

ንጽህናውን ችላ አትበሉ። ያልተፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ እርጎና አሬራ በዚህ ሰሞን ይቅሩ። ቀዶ ጥገና ሊገባ ያለ ሰው ተቅማጥ ቢይዘው ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ከባዱ ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን በሞራል ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ራስ ምታት፣ ብስጭት፣ ድካም ይመጣል። እህቴ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ አለቀሰች። ከፊቷ አንዲት ሴት ትኩስ ሳምቡሳ እየበላች ነበር። ቤት ደርሳ ስትነግረኝ እንደገና አለቀሰች።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሰውነት ከስኳር ወደ ስብ እየዞረ ነው። ግላይኮጅኑ ሲራገፍ ውሃና ጨው ይዞ በሽንት ይወጣል። ራስ ምታቱና ማዞሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ውሃ መጠጣትና መረቅ መቅመስ የሚያሽለውም ለዚህ ነው። ሚዛን ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዝግ ሲል «ቆመብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ። የዚህ ሰሞን ሥራ የሚታየው ሚዛን ላይ አይደለም፤ ካሜራው ሲገባ ነው።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ረሃቡ ይለዝባል። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኬቶን የሚባል ነገር ያመርታል፤ ኬቶን ደም ውስጥ ሲኖር የመራብ ስሜት እንደሚቀንስ ይታያል። ዋጋው የአፍ ጠረን ነው። እንደበሰለ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። አያስፈራም። መፋቂያ፣ ምላስን መቦረሽ፣ ውሃ።

ቡናስ? ይህ አገር ላይ ይህን ሳይመልሱ ማለፍ አይቻልም። ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ስኳርና ወተት የሌለው ቡና በልኩ ይፈቅዳሉ። ችግሩ በቀን ሦስት ማኪያቶ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ነው። የካፌይን ማቋረጥ ራስ ምታት ከረሃቡ ራስ ምታት ጋር ይደረባል። ስለዚህ ፈሳሹ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በየቀኑ መቀነስ ይሻላል። እኛ ቤት እሁድ ቡና ተፈላ፤ እህቴ ቶና ብቻ ጠጣች፣ ፈንዲሻውን ጎረቤት ሰጠነው።

ሆድ ድርቀት ሊመጣ ይችላል፤ ጥራጥሬም አትክልትም የለም። ውሃ መጨመርና መራመድ ይረዳል። ተልባ የሚሉ አሉ። ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ምክንያቱን ስለ መድኃኒት ሳነሳ እነግራችኋለሁ።

በሞቴ

ከረሃቡ የባሰው ሰው ነው። ይህን በክፋት አልልም። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በምግብ ነው። ጉርሻ ሲዘረጋ አልቀበልም ማለት እጅን መመለስ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንዴ ብቻ፣ ለኔ ብለሽ»። አክስቴ በስድስተኛው ቀን ዶሮ ወጥ በሳህን ይዛ መጣች። እህቴ እንዳትከፋት ስትል ልትቀምስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተማርነው ነገር አለ። «ዳይት ላይ ነኝ» የሚለው ቃል እኛ ጋ አይሠራም። «ደግሞ አንቺ! ምን ጎደለሽና» ይመጣል፤ ክርክር ይከፈታል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ግን ወዲያው ይሰማል። ማንም አይከራከርም፤ «እግዜር ይማርሽ» ብለው ሳህኑን ያነሳሉ። ለቅሶ ቤትም፣ ማኅበርም፣ ቢሮም ይህችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ውሸትም አይደለችም።

ቀዶ ጥገናውን ለሁሉም መንገር ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው «በአቋራጭ ሄደች» እንዳይባል ይደብቃል። ይገባኛል። ግን ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ሙሉውን ይወቅ። ያ ሰው ምግብ አብሳዩ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ፈሳሽ ላይ ያለ ሰው ቁሌት ላይ ባይቆም ጥሩ ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው ይቀምሳል፤ እጁ ሳያስበው ነው አፉ ጋ የሚደርሰው። እኛ ቤት ለሁለት ሳምንት እኔና እማዬ ወጥ ቤቱን ያዝነው። ራት በትሪ ሲቀርብ እህቴ ክፍሏ አልገባችም። ብርጭቋዋን ይዛ አብራን ተቀመጠች። እሷ ራሷ ናት የመረጠችው። «ብቻዬን ከምጠጣ እያየኋችሁ ልጠጣ» አለች። ሌላው ሰው ተቃራኒውን ሊመርጥ ይችላል፤ እሱን መጠየቅ ነው።

የረዳት ሌላው ነገር ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ፕሮቲን፣ 4 ሰዓት ላይ ቡና ወይም ስኳር የሌለው ሻይ፣ 6 ሰዓት ተኩል ፕሮቲን፣ 10 ሰዓት ላይ መረቅ፣ ማታ 1 ሰዓት ፕሮቲን፣ 3 ሰዓት ላይ ትኩስ ውሃ በዝንጅብል። በየመካከሉ ውሃ። ምን እንደምትጠጣ ማሰብ ስለማትችልበት ሰዓት አስቀድሞ የታሰበ ነገር ነበራት። እያንዳንዱን ብርጭቆ ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ ግማሽ ሰዓት ይዛ ትጠጣዋለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጎንጨት የሚቻለው እንዲያ ብቻ ስለሆነ ልምምዱ እዚህ ይጀመራል። አምቦ ውሃም ለዚያው ሲባል አሁን ቢቀር ጥሩ ነው፤ ጋዙ ሆድ ይነፋል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ክፍል እንዳያልፈው

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ምግቡን ቆርጦ መድኃኒቱን እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በተለይ ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች። ስለዚህ ፈሳሹ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል አለበት። ራስን በራስ ማቆምም ሌላ አደጋ ነው። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚወስድ ሰው ደግሞ በግልጽ ይናገር፤ ከዝቅተኛ ስታርች ጋር ሲገናኙ ደምን አሲድ የሚያደርግ ችግር ሊያመጡ ስለሚችሉ ከቀዶ ጥገና ቀናት ቀደም ብለው ይቆማሉ።

ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ በፍጥነት መምታት፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ስኳር ይለካ። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ያኔ ስለ ዳይት አይታሰብም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያ ሐኪም ጋ መደወል። መለኪያ ባይኖርም ምልክቱ ከታየ ስኳሩ ይጠጣ።

የደም ግፊት ክኒን፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት፣ ከዚህ አመጋገብ ጋር ሲደረብ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። ቀስ ብሎ መነሳት፣ ግፊትን መለካት፣ መንገር። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር። የባህል መድኃኒትና ቅመም በብዛት የሚወስዱ ሰዎች፣ አብሽም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ወይም ተልባ፣ ይህም መድኃኒት ነው ብለው ይዘርዝሩት። አንዳንዱ የደም መርጋትን ወይም ስኳርን ይነካል። ሲጋራና መጠጥ በዚህ ሰሞን ፈጽሞ ይቁሙ፤ መጠጥ ቀጥታ ጉበት ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚያስተፋ፣ ውሃ የማያስቀምጥ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ።

ጾም ለለመደ ሰው

«እኔ ሁዳዴን 55 ቀን የምጾም ሰው ነኝ፣ ይህ ምን አላት» የሚል ብዙ ነው። እህቴም ብላ ነበር። ጾም የሰጣት ጉልበት እውነት ነው፤ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ታውቃለች። ግን ከ9 ሰዓት በኋላ እንጀራ በሽሮ ይጠብቃታል። እዚህ ማታም የለም። ደግሞም የጾም ምግብ በአብዛኛው ከስታርችና ከዘይት ነው የሚሠራው፤ ጉበትን አያራግፍም።

ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ፕሮቲኗ ከወተት የተሠራ ስለነበር ተጨነቀች። የንስሐ አባቷን ጠየቀች። «ሕመም ላይ ነሽ፣ የታዘዘልሽን ውሰጂ፤ ጾምሽ ጸሎትሽ ይሁን» አሏት። ፊቷ በራ። መጾም የምትፈልግ ሰው ካለች ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ ፕሮቲን አለ። ሙስሊም ለሆነች እህት ደግሞ ረመዳን ከእነዚህ ቀናት ጋር ባይገጣጠም ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ውሎ 2 ሊትሩን በሌሊት መጨረስ ይከብዳል። ቀጠሮ ሲያዝ ይህን መናገር ነው።

የቀመሰ ሰው

እህቴ በዘጠነኛው ቀን ቀመሰች። ቢሮ ውስጥ የልደት ኬክ ነበር። አንድ ቁራጭ። ማታ ነገረችኝ፣ ፊቷን አዙራ። በማግስቱ ደግሞ ለመካስ ብላ ምንም ሳትጠጣ ልትውል ነበር። ያኛው ከኬኩ የባሰ ስህተት ነው። ፕሮቲኑና ውሃው ሲቀር ሰውነት ይደክማል፣ ማታ ደግሞ ረሃቡ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይመጣል። የሚቀጥለውን ብርጭቆ በሰዓቱ መጠጣት ነው መፍትሔው።

ለሐኪሟም ደወለች። አልተቆጣትም፤ ቀኑም አልተለወጠም። የሚያስፈራው መደበቁ ነው። ብዙ ጊዜ ከተበላና ካልተነገረ ሐኪሙ እውነቱን የሚያውቀው ጉበቱ ፊት ቆሞ ነው፤ ያኔ ታካሚው ተኝቷል፣ ሆዱ ተበስቷል። ቀደም ብሎ ቢያውቅ ግን አንድ ሳምንት ሊገፋው ይችላል። አንድ ሳምንት መዘግየት ቀላል ነው።

የመጨረሻው ቀን ሁሉም ነገር ወደ ንጹህ ፈሳሽ ወረደ። ውሃ፣ የተጠለለ መረቅ፣ ሻይ። ከዚያ ሰመመን ሰጪው በነገራት ሰዓት እሱም ተቋረጠ። ወተት እንደ ምግብ ስለሚቆጠር ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ለውሃ ብዙ ቦታ ያለው ልክ 2 ሰዓት ነው፣ አንዳንድ ሆስፒታል ግን ከዚያ ያስረዝመዋል። ይህን ሕግ የሚጥስ ሰው ሰመመን ውስጥ እያለ ጨጓራው ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል። እማዬ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስታ ፍሪጁን አየች። ማንም አልነካውም።

ሐኪሙ ሲወጣ እኛ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። ሥራው በደህና ማለቁን ነገረን። እማዬ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችው። «ጉበቷስ?» አለች። «በደንብ ተነስቶልናል» አላት።

በማግስቱ ነርሷ ትንሽዬ የመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ይዛ መጣች። ውስጡ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነበር። እህቴ ሩብ ሰዓት ፈጅታ ጠጣችው።